ያረጀ የንግድ ሕንፃ ኃይል እንዲቆጥብ መጀመሪያ የሚለወጠው ማሽኑ ነው? የአንድ ረጅም ክር ውሎ

ክሩን (በመድረክ ላይ ሰዎች በጽሑፍ እየተመላለሱ የተወያዩበትን) የከፈተው ሰው ነገሩን በጥያቄ መልክ ያቅርበው እንጂ ይዞ የመጣው አቋም ነው። ሕንፃው ዕድሜው ከ40 ዓመት ያለፈ፣ ከታች ሱቅ፣ ከላይ ዘጠኝ ፎቅ ቢሮ ያለው የኮንክሪት ሕንፃ ነው። መስኮቶቹ ባለ አንድ መስታወት አሉሚኒየም ናቸው፤ መብራቱ ፍሎረሰንት ነው፤ ጣሪያው ላይ ሕንፃውን የሚያቀዘቅዙ ሁለት ማሽኖች (ቺለር)፣ በማሽን ክፍሉ ደግሞ ለማሞቂያ ውኃ የሚያፈላ በጋዝ የሚሠራ ቦይለር አለ። አየሩ ዓመቱን ሙሉ በአንድ መጠን ይነፋል፤ መጀመሪያ ወደ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀዘቅዝና ወደየክፍሉ ሲገባ እንደገና ይሞቃል። የጥያቄው አቅራቢ (ከዚህ በኋላ አቅራቢው) ሐሳብ ቺለሮቹም ቦይለሩም ዘመናቸውን ስለጨረሱ፣ በተመሳሳይ አቅም ግን በተሻለ ብቃት አዲስ ቢገዛ ፍጆታውም የካርቦን ልቀቱም ይወርዳል የሚል ነው። መስኮትና ግድግዳ መንካት ወጪው የማይመለስ ስለሆነ መተው አለበት ይላል። የሚቃወም ካለ በቁጥር ያስረዳ ብሎ ዘጋ።

ይህን አቋም ብዙ የሕንፃ ባለቤቶች ይጋሩታል። ማሽን ሲገዛ ይታያል፣ ዋስትና አለው፣ ተከራይ ሳያስነሳ ይተከላል። ስለዚህ መልሶቹ ወደ 20 ቢደርሱ አይገርምም።

1ኛ፦ የመጀመሪያው መላሽ አቅራቢውን በእርስዎ እያከበረ፣ ማሽኖቹ መለወጥ እንዳለባቸው ተቀብሎ፣ በተመሳሳይ አቅም የምትለዋን ሐረግ ብቻ ያዘ። የድሮው ቺለር አቅም የተሰላው በድሮው መብራትና በድሮው መስታወት ነው። ሁለት ባለ 36 ዋት ቱቦ የያዘ አንድ ፍሎረሰንት፣ የማግኔት ባላስቱ (ወደ ቱቦው የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚገድበው ክፍል) ፍጆታ ሲታከል ወደ 90 ዋት ይወስዳል፤ ያንኑ ያህል ብርሃን ለሚሰጥ ኤልኢዲ 38 ዋት ገደማ ይበቃል። ሺህ መብራት ባለው ሕንፃ ልዩነቱ 52 ኪሎዋት ይሆናል። ይህ ኃይል መጨረሻው ሙቀት ስለሆነ ቺለሩ ተሸክሞ ያወጣው ነበር፤ በመብራት ለውጥ ብቻ እስከ 15 ቶን (ቶን እዚህ ክብደት ሳይሆን የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ ነው፤ አንዱ 3.5 ኪሎዋት ያህል) የሚደርስ የማቀዝቀዝ ሸክም ይነሳል ማለት ነው። ማስረጃ ያደረገው በ1931 የተከፈተውን የኒውዮርኩን ኤምፓየር ስቴት ሕንፃ ነው። እዚያ ከ6,500 በላይ መስኮቶች ሳይጣሉ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ተፈትተው፣ በመስታወቶቹ መሐል ፊልም ገብቶባቸውና ጋዝ ተሞልተው ተመልሰዋል። ከራዲያተሮቹ ጀርባም ሙቀት የሚመልስ መከላከያ ተደርጓል። ሸክሙ ስለቀነሰ የነበሩትን ቺለሮች ማደስ በቃ፤ በትልልቅ አዲስ መተካት አላስፈለገም።

2ኛ፦ ሁለተኛው ተስማምቶ አንድ ነገር አረመ። ከመብራቱ የሚወጣው ሙቀት በብርድ ወቅት ቦይለሩን ያግዝ ነበርና፣ መብራቱ ሲለወጥ የማሞቂያው ሸክም ትንሽ ይጨምራል። የቁጠባ ስሌት ይህን ካልቀነሰ የተጋነነ ነው። ከአቅም በላይ የተገዛ ቺለር ደግሞ በቀላል ሸክም ቀን ቶሎ ቶሎ እየተነሳና እየቆመ መጭመቂያውን እንደሚያደክም ጨመረ።

3ኛ፦ ከክሩ ሁሉ እኔ ሚዛን የምሰጠው ለዚህኛው መልስ ነው። ምንም ከመግዛት በፊት የ12 ወር የኤሌክትሪክና የጋዝ ሂሳብ ከውጪው የሙቀት መጠን ጋር ይነጻጸር፤ ከዚያ የዋናው ቆጣሪ የ15 ደቂቃ ንባብ ይውጣ አለ። ንባቡ ላይ መታየት ያለበት የሥራ ሰዓት ሳይሆን ሌሊት 8 ሰዓትና የዕረፍት ቀን ነው። ሕንፃው ባዶ ሆኖ ከቀኑ ከፍተኛ ፍጆታ ግማሽ ያህሉን የሚበላ ከሆነ አንድ ነገር ሌት ተቀን እየሠራ ነው። የሚፈለግባቸውን ቦታዎችም ዘረዘረ። በቁጥጥር ፓነሉ ላይ ማብሪያው ከራስ ሰር ወጥቶ በእጅ ላይ የቀረ ፋን፣ ለአንዲት ትንሽ የኮምፒውተር ክፍል ሲባል ሌሊቱን ሙሉ የሚሽከረከር ዋና ፓምፕ፣ የመጸዳጃ ቤት አየር ማስወጫ፣ የሥራ ሰዓቱ ተቀይሮ ያልተስተካከለ የሰዓት ፕሮግራም። ይህን ለማስተካከል ዕቃ አይገዛም፤ ሁለት ሳምንት ሌሊት ሌሊት ሕንፃውን መዞር ይበቃል።

4ኛ፦ አራተኛው የ3ኛውን ሐሳብ ወደ ሙቅ ውኃው መስመር ወሰደው። እየቀዘቀዘ እንደገና በሚሞቅ ሥርዓት ውስጥ የማሞቂያው ቫልቭ ጥብቅ ብሎ ካልተዘጋ፣ ቺለሩ ያቀዘቀዘውን ቦይለሩ ቀን ከሌት ያሞቃል፤ ተከራዩ ክፍሉ ስለሚመቸው ማንም አያመለክትም። ፍተሻው ቀላል ነው። ቫልቩ እንዲዘጋ ትእዛዝ ይሰጠዋል፣ 15 ደቂቃ ይጠበቃል፣ ከማሞቂያው ፊትና ኋላ የአየሩ ሙቀት ይለካል። ልዩነቱ ከ1 ዲግሪ ካለፈ ውኃ ያሾልካል። ከመለካቱ በፊት ሁለቱ ቴርሞሜትሮች አንድ ቦታ ተቀምጠው እኩል ማንበባቸው ይረጋገጥ፤ ካልሆነ የመሣሪያው ስህተት እንደ ቫልቭ ብልሽት ይቆጠራል። የውጪ አየር ዳምፐሩም (አየሩን የሚያስገባውና የሚዘጋው ባለ ቅጠል መዝጊያ) እንዲሁ ነው፤ ሞተሩ ዞሮ ዘንጉን የያዘው ብሎን ከላላ ስክሪኑ ላይ ተዘግቷል እያለ ዳምፐሩ ክፍት ይሆናል፤ ስለዚህ ቅጠሉ በዓይን ይታይ። ይህን ሳያስተካክሉ አዲስ ቺለር መግዛት በቀዳዳ እንስራ ውኃ መቅዳት ነው ብሎ ጨረሰ።

5ኛ፦ አምስተኛው ሁሉም ፋንና ፓምፕ ላይ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ይገጠም የሚል ነው። ፋን የሚወስደው ኃይል ከፍጥነቱ ኩብ ጋር ስለሚሄድ ፍጥነቱ ወደ 80 በመቶ ሲወርድ ኃይሉ ወደ 51 በመቶ፣ ወደ 50 በመቶ ሲወርድ ወደ 12.5 በመቶ ይወርዳል፤ ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል ሲል ጠየቀ።

6ኛ፦ እስከዚህ ሁሉም በእርስዎ ነበር የሚነጋገረው፤ ስድስተኛው አንተ ብሎ ጀመረ። 5ኛው ከመማሪያ መጽሐፍ እንጂ ከሕንፃ አልጻፈም ሲል ነቀፈው። አነጋገሩ ቢሻክርም ነጥቦቹ ትክክል ናቸው። የኩቡ ሕግ የሚሠራው ፋኑ የሚታገለው የአየር ቱቦውን ሰበቃ ብቻ ሲሆን ነው። ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት በአንድ ቁጥር እንዲጠበቅ ከታዘዘ ቁጠባው በጣም ያንሳል። ስለዚህ ግፊቱ ራሱ እንዲወርድ መደረግ አለበት፤ ከአየር ማከፋፈያ ሳጥኖቹ በጣም የተከፈተው 90 በመቶ አካባቢ እስኪደርስ ግፊቱ ቀስ እያለ ይቀንሳል። በዚህ ሕንፃ ደግሞ አየሩ የሚነፋው በአንድ መጠን ስለሆነ የሚዘጋና የሚከፈት ሳጥን ጨርሶ የለም። ሳጥን ሳይገባ ፋኑ ብቻ ቢቀንስ የመጨረሻው ክፍል አየር ያጣል።

ፓምፕ ላይም እንዲሁ ነው። ሸክሙ የማይለዋወጥ ፓምፕ መቆጣጠሪያ አያስፈልገውም። የማመጣጠኛ ቫልቩ ግማሽ ተዘግቶ ከተገኘ ቫልቩን ከፍቶ የፓምፑን ኢምፔለር (ውኃውን የሚገፋውን የውስጥ መዘውር) በመጠኑ ማስጠረብ ይረክሳል። መቆጣጠሪያው የግድ ሲሆንም የሚበላሸውን ነገር ማወቅ ይገባል፤ ሞተሩ ዘንግ ላይ የሚጠራቀመው ቮልቴጅ በቤሪንጉ (በኩሽኔታው) በኩል ብልጭ እያለ ወደ መሬት ሲወርድ የቤሪንጉን መንገድ ይቦረቡረዋል፣ በወራት ውስጥ መጮህ ይጀምራል። መድኃኒቱ ዘንጉን ከመሬት ጋር የሚያገናኝ ቀለበት ነው፤ ትልልቅ ሞተሮች ላይ በሌላው ጫፍ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ቤሪንግ ይጨመራል። በማቀዝቀዣ ማማ ላይ ያለ ጊርቦክስ ዘይቱን በመሽከርከር የሚረጭ ከሆነ ደግሞ ከተወሰነ ፍጥነት በታች ከወረደ ላይኛው ጥርስ ይደርቃል፤ ዝቅተኛው ፍጥነት ከአምራቹ ይጠየቅ።

7ኛ፦ ሰባተኛዋ መላሽ ክሩን ወደ መስኮቱ መለሰችው። ባለ አንድ መስታወት መስኮት በአንድ ካሬ ሜትር፣ ለእያንዳንዱ የአንድ ዲግሪ ልዩነት 5.7 ዋት ያህል ያሳልፋል። ሙቀት የሚመልስ ሽፋን ያለውና በአርጎን የተሞላ ድርብ መስታወት ከጥሩ ፍሬም ጋር ወደ 1.5 ይወርዳል። ሺህ ካሬ ሜትር መስታወት ቢኖርና ልዩነቱ 20 ዲግሪ ቢሆን 114 ኪሎዋት የነበረው ወደ 30 ይወርዳል። ይህ 84 ኪሎዋት ከሚገዛው ቦይለር አቅም ላይ መቀነስ ያለበት ነው። አቅራቢው መስኮቱን ለብቻው፣ ቦይለሩን ለብቻው ስላሰላ ነው ወጪው አይመለስም ያለው።

ፍሬሙ ላይም አጥብቃ አስጠነቀቀች። አሉሚኒየሙ መሐሉ በፕላስቲክ ካልተቆረጠ ጥሩ መስታወት ቢገባበትም ፍሬሙ ራሱ ሙቀት ያሳልፋል፤ በብርድ ጠዋትም ያልበዋል። መላውን መስኮት መንቀል የማይቻል ከሆነ ከውስጥ በኩል ሁለተኛ መስኮት መግጠም ይቻላል። ሽፋን ያለው መስታወት ከተመረጠና መገጣጠሚያው ጥብቅ ከሆነ ወደ 2 ገደማ ያደርሳል፤ ሥራውም በአንድ ክፍል በሰዓታት ያልቃል። የሚለጠፈው የፀሐይ ፊልም ግን በአሮጌ መስታወት ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፊልሙ ሙቀት ሲይዝ የመስታወቱ መሐል ይሞቃል፣ ፍሬሙ ውስጥ ያለው ጠርዝ ይቀዘቅዛል፤ ጠርዙ የተሸረፈ ወይም ሽቦ ያለበት መስታወት ይሰነጠቃል።

8ኛ፦ ስምንተኛው መስኮት ከመለወጡ በፊት አየር የሚያስገባው ይደፈን ባይ ነው። ረጅም ሕንፃ በብርድ ወቅት እንደ ጭስ ማውጫ ይሆናል፤ ሞቃቱ አየር በሊፍት ጉድጓድ፣ በደረጃ ቤትና በቱቦ መተላለፊያ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ከታች በበሩ ይገባል። ብዙ ሰው በየመስኮቱ ሲሊኮን ይቀባል፤ ትልቁ ቀዳዳ ግን ላይና ታች ነው። የጣሪያው በር፣ የሊፍት ማሽን ክፍል፣ ቱቦዎች ወለል የሚበሱበት ቦታ ይቅደም። በየፎቁ ወለል ላይ የሚደፈነው ግን በእሳት መከላከያ ማሸጊያ እንጂ በተራ ፎም አይደለም።

9ኛ፦ ይህ መልስ ስለ ግድግዳ ነው። ሙቀት መከላከያ ያልተደረገለት ኮንክሪት ግድግዳ በ7ኛው መልስ መለኪያ (በካሬ ሜትር ለአንድ ዲግሪ ልዩነት የሚያልፍ ዋት) 3 ገደማ ነው ብለን ብንነሳ፣ የመጀመሪያው 50 ሚሊሜትር የማዕድን ሱፍ ወደ 0.58 ያወርደዋል። ሌላ 50 ሲጨመር 0.32፣ ሦስተኛው 50 ሲጨመር 0.22 ይሆናል። ትልቁን ሥራ የሚሠራው የመጀመሪያው ንብርብር ነውና ውፍረት ላይ ከመጨቃጨቅ ያልተሸፈነ ቦታ እንዳይቀር መጠንቀቅ ይሻላል። ከውስጥ በኩል የሚለብስ ከሆነ ግን አደጋ አለው። ግድግዳው ከክፍሉ ሙቀት ስለሚለይ ይቀዘቅዛል፤ ከመከላከያው ጀርባ የገባ የቤት ውስጥ እርጥበት እዚያ ውኃ ይሆናል፣ ሻጋታ ይበቅላል፣ ከግድግዳው ውስጥ የገባ የእንጨት አግዳሚ ካለ ጫፉ ይበሰብሳል። እንፋሎት የሚገታው ንጣፍ በሞቃቱ በኩል ይሁን፤ ለሶኬት በተበሳ ቁጥር ይታሸግ። የፎቁ ሶሌታ ግድግዳውን በሚነካበት ቦታ ደግሞ መከላከያው በኮርኒሱ ላይ ወደ ውስጥ ግማሽ ሜትር ያህል ይቀጥል፤ ካልቀጠለ ጥግ ጥጉ ይጠቁራል።

10ኛ፦ አሥረኛው አጭርና ከባድ ነው። ከውጪ ማልበስ እንዲህ ያለውን የእርጥበት ችግር ስለሚያቃልል ብዙዎች እንደሚመርጡት ተናግሮ፣ ለንደን ውስጥ ግሬንፌል ታወርን አስታወሰ። የታደሰው ለሙቀት ቁጠባና ለመልኩ ነበር፤ ሰኔ 2017 በተነሳው እሳት 72 ሰዎች ሞቱ፤ እሳቱን ያስፋፋው በዋናነት መሐሉ ፖሊኢትሊን የተባለ የሚቀጣጠል ፕላስቲክ የሆነ የውጪ ልባስ ነው። ልባሱም መከላከያውም የማይቀጣጠል ይሁን፣ ከልባሱ ጀርባ ያለው ክፍተትም በየፎቁ በእሳት ማገጃ ይቆረጥ አለ። ይህ ነጥብ ላይ ማንም አልተከራከረም።

11ኛ፦ አቅራቢው ተመለሰ። ስለ መብራቱና ስለ ቫልቩ የተባለውን ተቀበለ። ነገር ግን ሕንፃው በተከራይ የተሞላ ነው፣ ዘጠኝ ፎቅ ባዶ አድርጎ መስኮት መንቀል የሚቻለው በወረቀት ላይ ብቻ ነው አለ። ትንሽም ተቆጥቷል።

12ኛ፦ የ3ኛው መልስ ጸሐፊ ድጋሚ ገብቶ፣ በትሕትና፣ አንድም ፎቅ ባዶ ይደረግ እንዳልተባለ አስረዳ። የኪራይ ውል ሲያልቅ ፎቁ ሁልጊዜም ለሳምንታት ባዶ ይሆናል፤ ያ ጊዜ ነው መያዝ ያለበት። ኮርኒሱ አንዴ ሲከፈት መብራቱ፣ የሰው መኖር ሴንሰሩ፣ የማሞቂያው ቫልቭ፣ የአየር ሳጥኑና ከውስጥ የሚገጠመው መስኮት አብረው ይሠሩ። ለየብቻ ከተሠሩ ኮርኒሱ አራቴ ይከፈታል። ዋናዎቹ ማሽኖች የመጨረሻ ይሁኑ፤ እስከዚያ የቀድሞው ቺለር እየተጠገነ ይቆይ። ድንገት ቢሞት በችኮላ ትልቅ ከመግዛት ለአንድ ወቅት ተከራይቶ ማሳለፍ ይሻላል።

13ኛ፦ እዚህ ላይ ቦይለሩ ተነሳ። የጭሱን እንፋሎት ወደ ውኃ ለውጦ ሙቀቱን የሚመልሰው ዘመናዊ ቦይለር ያንን የሚያደርገው ከራዲያተሮቹ የሚመለሰው ውኃ ከ55 ዲግሪ ገደማ በታች ሲሆን ነው። በድሮው ልማድ ውኃው በ80 ወጥቶ በ60 ከተመለሰ በውድ የተገዛው ቦይለር እንደ ተራ ቦይለር ይሠራል። ስለዚህ የውኃው ሙቀት መውረድ አለበት፤ ሲወርድ ደግሞ ራዲያተሩ የሚሰጠው ይቀንሳል። በ75 ገብቶ በ65 የሚወጣበት ራዲያተር በ55 ገብቶ በ45 ሲወጣበት ግማሽ ያህል ብቻ ይሰጣል። መስኮቱና ቀዳዳው ተስተካክሎ የክፍሉ ፍላጎት በግማሽ ከቀነሰ ግን ያው አሮጌ ራዲያተር ይበቃል። አቅራቢው ይተዉ ያላቸው ሥራዎች ሊገዛው ያሰበውን ማሽን የሚያሠሩት እነሱው ሆኑ። የክሩ ቋጠሮ የተፈታው እዚህ ነው ባይ ነኝ። ሙከራውንም ነገረው፦ በብርድ ወቅት የሚወጣውን ውኃ በየሦስት ቀኑ በ5 ዲግሪ እያወረዱ የትኛው ክፍል ቀድሞ እንደሚቀዘቅዝ መመዝገብ። ራዲያተር መለወጥ ያለበት በእነዚያ ክፍሎች ብቻ ነው።

14ኛ እና 15ኛ፦ ሂት ፓምፕ (በኤሌክትሪክ እየሠራ ከውጪ ሙቀት ስቦ ወደ ሕንፃው የሚያስገባ ማሽን) ይገባ ወይስ አይገባ የሚለው ጠብ ነው። አንዱ ኤሌክትሪኩ ከከሰል የሚመነጭ ከሆነ ልቀቱ ወደ ሌላ ቦታ ሄደ እንጂ አልቀነሰም አለ። ሌላው ሳይሰሉ መናገር ይቁም ብሎ ሰላው። ጋዝ ሲነድ በኪሎዋት ሰዓት 0.2 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ያወጣል፤ 85 በመቶ ብቃት ባለው ቦይለር አልፎ ሙቀት ሲሆን ወደ 0.24 ይጠጋል። ለወሰደው አንድ ሦስት እጥፍ ሙቀት የሚሰጥ ሂት ፓምፕ የኤሌክትሪኩ ልቀት በኪሎዋት ሰዓት ከ0.7 ኪሎ በታች እስከሆነ ድረስ ከቦይለሩ ያነሰ ይለቃል። ውኃው 80 ዲግሪ ይሁን ተብሎ ብቃቱ ወደ ሁለት እጥፍ ከወረደ ግን ድንበሩ ወደ 0.47 ይጠብባል። ሁለቱም ከዚህ በኋላ የተለዋወጡት ስድብ ቀረሽ ነበር፤ አልደግመውም።

16ኛ፦ አስራ ስድስተኛው ሁለቱም የረሱትን ጋዝ አስታወሰ። በማቀዝቀዣ ማሽኖች ውስጥ የሚዞረው አር-410ኤ የሚባለው ጋዝ አንድ ኪሎው ቢያመልጥ እንደ 2,088 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቆጠራል፤ አር-32 ወደ 675 ነው። 100 ኪሎ አር-410ኤ የያዘ ሥርዓት በዓመት 10 በመቶ ቢያሾልክ ከ20 ቶን በላይ ነው፤ ይህ በኤሌክትሪክ ሂሳብ ላይ አይታይም። አሮጌው ቺለር ሲነሳ ጋዙ ተመዝኖ ይወሰድ፤ በአየር ላይ አይለቀቅ።

17ኛ እና 18ኛ፦ ክሩ ወደ ጣሪያ ሶላርና ወደ ሊፍት ሸሸ። ከዚያ ውስጥ የሚያዘው አንድ ነገር ነው፤ የጣሪያው ውኃ መከላከያ ንጣፍ ጥቂት ዓመት ብቻ ከቀረው ቀድሞ ይለወጥ፣ አለዚያ ፓነሉ ተነስቶ እንደገና ይተከላል። 18ኛው ወደ ጉዳዩ መልሶ ስለ ጤና አስጠነቀቀ። በዚያ ዘመን ሕንፃ የቱቦ ልባስ፣ የወለል ንጣፍና የመስኮት ማሸጊያ አስቤስቶስ (ብናኙ ሲተነፈስ ሳንባን የሚጎዳ ማዕድን) ሊኖርበት ይችላል፤ አሮጌ ባላስትም ፒሲቢ የተባለ መርዛማ ዘይት ሊይዝ ይችላል። ናሙና ተወስዶ ሳይመረመር ምንም አይበሳ፣ ምንም አይቆረጥ።

19ኛ፦ አቅራቢው ለመጨረሻ ጊዜ ጻፈ። ምስጋናውን አስቀድሞ፣ የቺለሩን ጨረታ ለጊዜው እንደሚያዘገይና መጀመሪያ በየፎቁ፣ በቺለሩ፣ በፋኖቹና በፓምፖቹ ላይ ንዑስ ቆጣሪ እንደሚያስገጥም አስታወቀ። ስለ መስታወቱ አሁንም በልቡ ጥርጣሬ አለው፤ ውሉ በሚያልቅበት የመጀመሪያ ፎቅ ላይ ሞክሮ ከሌላው ፎቅ ጋር ያነጻጽራል።

20ኛ፦ የ6ኛው ጸሐፊ ነው፤ በዚህ ጊዜ እርስዎ ብሎ። ንዑስ ቆጣሪ ሲገጠም በኬብሉ ላይ የሚቆለፈው የከረንት መለኪያ ቀለበት ቀስቱ ወደ ሸክሙ ማመልከት አለበት፤ የእያንዳንዱ ፌዝ ቀለበትም ከራሱ ፌዝ የቮልቴጅ ሽቦ ጋር ይጣመር። በባለ ሦስት ፌዝ አንዱ ቢገለበጥ ቆጣሪው ያንን ከሌሎቹ ላይ ይቀንሰዋል፤ ሸክሙ እኩል ከሆነ የሚያሳየው ከእውነቱ ሲሶውን ብቻ ነው። ቴክኒሻኑ ከመሄዱ በፊት በእጅ በሚያዝ መለኪያ እያንዳንዱ ፌዝ ይነበብ፤ የንዑሶቹ ድምርም ከዋናው ቆጣሪ ጋር ለአንድ ሙሉ ቀን ይመሳከር።